ቀዶ እና ጥገና

«እኔ ሰውነቴ ውስጥ ፕላስቲክ አላስገባም!»

እህቴ ይህን ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለቱ ሐኪሞች ተያዩ። ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠው ስልክ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚም ለአፍታ ዝም አለች። እኔ ጥግ ላይ የእህቴን ቦርሳ ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

የእኔም ሥራ ማስተርጎም ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ባሉ ክሊኒኮች ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ሳስተረጉም ዓመታት አልፈዋል። ለቤተሰብ ግን አይፈቀድም። ደንቡ ልክ ነው። ሰው ለገዛ እህቱ ሲያስተረጉም መጥፎውን ወሬ ያለሰልሰዋል፤ ሳያውቀው ግማሹን ይውጠዋል። ስለዚህ ያን ቀን አፌን ዘግቼ፣ እህት ብቻ ሆኜ ነበር የሄድኩት።

እህቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባታል። ሐኪሟ ለሕክምናው የተናገሩት ቃል «ኦንኮፕላስቲክ» የሚል ነው። አስተርጓሚዋ «የካንሰር ፕላስቲክ ቀዶ ጥገና» አለችው። አልተሳሳተችም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ግን በእኛ ጆሮ ፕላስቲክ ማለት ጀሪካን ነው፣ ፌስታል ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ አፍንጫቸውን ያሠሩ፣ ከንፈራቸውን ያስነፉ የቴሌቪዥን ሰዎች ናቸው። እህቴ ከሁለቱ አንዱን ነው የሰማችው። ምናልባትም ሁለቱንም።

የቃሉ ሥር የግሪክ ነው። መቅረጽ፣ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን በእጇ እንደምታበጀው። ለሕክምናው ይህ ስም የወጣለት ፌስታል የሚሠራበት ነገር ገና ሳይፈጠር ነው። ይህንን ግን በዚያች ደቂቃ ማን ይንገራት?

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ሐኪሞች ጡት ውስጥ ያለ እጢ የት እንደሆነ የሚናገሩት በሰዓት ነው። ጡቱን እንደ ግድግዳ ሰዓት ያዩትና 3 ቁጥር ላይ፣ 10 ቁጥር ላይ ይላሉ። የእህቴ እጢ በግራ ጡቷ ታችኛው ክፍል፣ 6 ቁጥር በሚውልበት ቦታ ላይ ነበር። ሐኪሟ «ሲክስ ኦክሎክ» ሲሉ አስተርጓሚዋ ቀኑን ሙሉ የቀጠሮ ሰዓት ስትመልስ እንደለመደችው ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየረችውና «12 ሰዓት ላይ» አለች። እህቴ እጇን ወደ ላይ ወስዳ ከጡቷ አናት፣ ከአንገቷ በታች አሳረፈችው።

«እዚህ ምንም የለኝም እኮ» አለች።

ያኔ አላስቻለኝም። እጄን አወጣሁና «ይቅርታ፣ ከታች በኩል ነው የሚሉት» አልኩ። አስተርጓሚዋም ወዲያው ገባት። ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀች። በእሷ አልፈርድም። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ይህ ወጥመድ ያውቀናል። ግን እጢ ከታች ያለባት ሴት ከላይ እየዳሰሰች «የለኝም» ስትል ማየት ልብ ይሰብራል።

ከዚያ ጠባሳ የሚጠግኑት ሁለተኛው ሐኪም ወንበራቸውን ሳቡና ወረቀት አወጡ። መሳል ጀመሩ።

እህቴ አሜሪካ መጥታ ቤቷ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ (ዴይኬር) ከመክፈቷ በፊት ደሴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሐኪሙ ሁለት ክብ ሳሉ። በግራው ክብ ሥር ጥቁር ነጥብ አደረጉ። ከጡት ጫፍ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አወረዱ፤ ከሥር ደግሞ አግድም መስመር አሰመሩ። ነጥቡ ከነዙሪያው መሃል ላይ ቀረ። ያ ቦታ በሙሉ እንደሚወጣ በጣታቸው አሳዩ። ከዚያ የግራውና የቀኙ ጎን ወደ መሃል ተስቦ እንደሚገጥም፣ የጡቱ ጫፍ ደም ሥሩ ሳይቆረጥ ወደ ላይ ከፍ እንደሚል፣ ቀኙም ጡት በዚያው ልክ እንደሚቀነስ አሳዩ። አስተርጓሚዋ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ እህቴ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይሄማ ቅድ ነው» አለች። «ሰፊ ቀሚስ ከሥር አጥብበህ ደረቱን ስታነሣው ማለት ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። «ፕላስቲኩ የታለ ታዲያ?»

«የለም» አልኳት። «የራስሽ ሥጋ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል በቀን ምን ያህል ጊዜ እንደምጠራው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አልሰማሁትም። ቀዶ፣ ጥገና። ቀድዶ መጠገን። ቃላችን ሁለት ሥራ ነው የሚጠራው። ቀደደ የልብስ ሰፊው ነው። ጠገነ ደግሞ የወጌሻው ነው፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። ቃሉን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የቀደደ ሰው መጠገንም አለበት ብሎ አስቧል። በጡት ካንሰር ሕክምና ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ የነበረው ቀዶ ብቻ ነው። ጥገናው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የመጣው፣ ለብዙዎችም ጨርሶ አልደረሰም።

አክስቴን የማውቀው እንደዚያ ነው።

እትዬ ነው የምንላት። የእናቴ እህት ናት። በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄዳ ታከመች። ያኔ 43 ዓመቷ ነው። የተነገራት «እጢው ይወጣል» የሚል ነበር። ሰመመኑ ሲለቃት በእጇ ፈለገችው፤ የቀኝ ጡቷ በቦታው አልነበረም። ያዳናት ያ ሐኪም ነው። ዛሬም ድረስ ስሙን ጠርታ ታመሰግነዋለች። እኔም አመሰግነዋለሁ። ግን ከመተኛቷ በፊት ማንም ቁጭ ብሎ አልነገራትም። የጠየቃትም የለም።

ደሴ ስትመለስ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ከረጢት ተሰጥታ አየሁ። ክብ ናት፣ በእጅ የተሰፋች፣ መዳፍ የምትሞላ። ምን እንደሆነች ጠየቅኩ። እህቴ በዓይኗ ዝም አስባለችኝ። በኋላ ነው የገባኝ። እትዬ መጀመሪያ ባዘቶ ጠቅልላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ታደርግ ነበር። ባዘቶ ቀላል ነው። ስትራመድ ወደ ላይ ይወጣል። እጇን ስታነሣ አንገቷ ሥር ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ስንት ጊዜ ነጠላዋን ጎትታ እንደሸፈነችው እሷ ናት የምታውቀው። ስለዚህ ከረጢት ሰፋች። ከባዘቶው መሃል ተልባ ጨመረች፣ እንዲከብድ። እህቴ ናት ልኩን የወሰደችላት። ግራውን ጡቷን በእጇ እየመዘነች፣ «ጨምሪ፣ ትንሽ ጨምሪ» እያለች።

ሃያ ምናምን ዓመት ያን ከረጢት ተሸክማለች። ተልባው በየክረምቱ ይቀየራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሸታል።

እህቴ እጢዋን ባገኘችበት ማታ የደወለችልኝ ስለ ሞት ልታወራኝ አልነበረም። «ከረጢቷን አስታወስኳት» ነው ያለችኝ።

ቤታችን ካለበት ወደ ባልቲሞር በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ለሥራ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሚገኘው እዚያ ነው። ዊልያም ሃልስቴድ የሚባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1894 የ50 ሴቶችን ውጤት ያሳተመው ከዚያ ሆኖ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሃልስቴድ ጡቱን ብቻ አልነበረም የሚያወጣው። ከሥሩ ያሉትን የደረት ጡንቻዎችና የብብት ንፍፊቶችንም አንድ ላይ ያወጣ ነበር። በእሱ ዘመን ሴቶች ለሐኪም የሚደርሱት እጢው ገዝፎ ነው፤ ቢቆረጥም እዚያው ቦታ ላይ ቶሎ ይመለሳል። የእሱ ዘዴ ያንን መመለስ በእጅጉ ቀነሰው። ስለዚህ በጭካኔ አላየውም። ካንሰር ከመሃል ወደ ዳር በሥርዓት እየሰፋ ነው የሚሄደው ብሎ አመነ፤ ያን ካመኑ ደግሞ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነው መፍትሔው። የደረታቸው አጥንት የሚቆጠር፣ ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች ቀሩ። ሐኪሞችም ጥገናውን ይፈሩት ነበር፤ የተሸፈነ ቦታ በሽታው ሲመለስ ይደብቀዋል ብለው። ይህ አሠራር ከ70 ዓመት በላይ ገዛ።

መጠገን የሞከረ ሰው ግን ያኔም ነበር። በ1895 ጀርመን፣ ሃይደልበርግ፣ ቪንሰንዝ ቸርኒ የተባለ ሐኪም ጡቷ የወጣላት ሴት ሌላ ሰውነቷ ላይ የነበረ የስብ እብጠት አገኘ። አውጥቶ በጎደለው ቦታ ተከለው። ሃልስቴድ ውጤቱን ባሳተመ በዓመቱ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ቀዶውና ጥገናው አንድ ዘመን ላይ ተወልደው፣ አንደኛው አደገ፣ ሌላኛው ለብዙ ጊዜ ተረሳ።

ከእህቴ ቤት አሥር ደቂቃ የማይርቅ ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር አለ። ሮዝ ኩሽነር የምትባል ጋዜጠኛ እዚያ ትኖር ነበር። በ1974 ጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች። በዚያን ጊዜ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሴትዮዋ ትተኛለች፣ ናሙና ይወሰዳል፣ እሷ ሰመመን ላይ እንዳለች ናሙናው ይታያል፣ ካንሰር ከሆነ እዚያው ጡቱ ይወጣል። ካንሰር ይኑራት አይኑራት ሳታውቅ ትተኛለች። ስትነቃ በእጇ ትፈልጋለች። ልክ እንደ እትዬ።

ኩሽነር እምቢ አለች። መጀመሪያ ናሙናው ይወሰድ፣ ልንቃ፣ ልወቅ፣ ከዚያ እወስናለሁ አለች። ይህን የሚቀበል ሐኪም ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠናች። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሴቶች ስትሟገት ኖረች። በ1979 ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ሐኪሞች ተሰብስበው ያ አሠራር እንዲቀር ሲመክሩ፣ እሷም ከመካሪዎቹ አንዷ ሆና ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ሐኪም አልነበረችም።

ይህችን ሴት ደጋግሜ አስባታለሁ። እሷ የታገለችው ሁለት ነገሮች እንዲለያዩ ነው፤ ምርመራው ለብቻ፣ ቀዶው ለብቻ። ዛሬ እኛ ደስ የሚለን ደግሞ ሁለት ነገሮች መገናኘታቸው ነው፤ ማውጣቱና መጠገኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰመመን። ተቃራኒ ይመስላል። ግን ሁለቱም ጋ ሴትዮዋ ቢላው ከመምጣቱ በፊት ነቅታ፣ አውቃ፣ ተጠይቃለች።

ጡትን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ ማከም እንደሚቻል ያረጋገጡት በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ናቸው። ጣሊያን፣ ሚላን ላይ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የተባለ ሐኪም ከ1973 እስከ 1980 ድረስ 701 ሴቶችን አሳተፈ። ግማሾቹ በሃልስቴድ መንገድ ታከሙ፤ ግማሾቹ ደግሞ እጢው ያለበት ሩብ ብቻ ወጥቶ ጨረር ወሰዱ። አሜሪካ ውስጥ በርናርድ ፊሸር በ1976 ተመሳሳይ ጥናት ጀመረ፤ የ1,851 ሴቶች ውጤት ታየበት። የሁለቱም የ20 ዓመት ውጤት በ2002 ወጣ። በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልታየም። ዕጣ ደርሷቸው በየትኛው በኩል እንደሚታከሙ የተመደቡት እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ ኖሮ እህቴ ያንን ስዕል አታየውም ነበር።

ግን ማትረፉ ብቻውን አልበቃም። ከጡት ላይ ትልቅ ቁራጭ ወጥቶ ቆዳው እንዲሁ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ማንኛዋም ልብስ ሰፊ ታውቃለች። ይሸበሸባል። ጨረሩ ሲጨመር ጉድጓዱ ይደርቃል፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ጎደለው በኩል ይሳባል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ እጅ ላይ ሁለት ፍርሃት አለ። ብዙ ካወጣ ያበላሻል፤ ትንሽ ካወጣ ካንሰር ይተዋል። ኦንኮፕላስቲክ የሚባለው ይህን ጭንቀት ለመፍታት የመጣ ነው። ስሙን በ1990ዎቹ ያስለመደው ዱሰልዶርፍ የነበረው ጀርመናዊው ቨርነር አውድሬች ነው። ፓሪስ ያለው ክሪሽና ክላፍና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2010 ደረጃ አበጁለት። ከጡቱ ከ20 በመቶ በታች የሚወጣ ከሆነ የቀረውን ሥጋ አቀራርቦ መስፋት ይበቃል። ከ20 እስከ 50 በመቶ ከሆነ እንደ እህቴ አዲስ ቅድ ያስፈልጋል። ጡት ሲያንስ ከጎን ወይም ከጀርባ ሥጋ ከነደም ሥሩ ዞሮ ይመጣል። ሁሉም መውጣት ካለበት ደግሞ በዚያው ቀን ከሆድ በተወሰደ ሥጋ ወይም በሲሊኮን አዲስ ጡት ይሠራል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ጥገናው አስቀድሞ ስለታሰበበት ቀዶ ሐኪሙ ሲቆርጥ አይሳቀቅም። ከእጢው ዙሪያ ሰፋ አድርጎ ጤነኛውን ሥጋ ጨምሮ ያወጣል፤ ክፍተቱ እንደሚሞላ ያውቃላ! ጥገናው ለመልክ ብቻ የተጨመረ ጌጥ አይደለም። ቀዶውንም ያሻሽለዋል።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ንጋት ላይ ደረስን። ጠጋኙ ሐኪም ማርከር ይዘው መጡ። እህቴ ተቀምጣ ነበር። ተኝታ ቢሆን ጡት ወደ ጎን ስለሚፈስ ልኩ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተቀምጠው ወይም ቆመው ነው የሚያሰምሩት። ከአንገቷ ሥር ካለችው ስርጉድ እስከ ጡቷ ጫፍ በሜትር ለኩ። ቀኙን ለኩ። ተመልሰው ግራውን ለኩ። እህቴ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ስንት ሙሽራ እንደዚህ አቁማ ለክታለች! በሹክሹክታ «ሁለት ጊዜ ለካ» አለችኝ። በዚያ ነው ያመነችው።

አራት ሰዓት ፈጀ። የወጣው ሥጋ ላይ ሁለት ክር አሰሩበት። አጭሩ ክር የላዩን፣ ረጅሙ ክር የጎኑን ጠርዝ ያሳያል፤ የወጣውን ሥጋ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ጋ ሲደርስ የቱ በየት እንደነበር እንዲታወቅ። ፓቶሎጂስቱ ደግሞ ጠርዞቹን በየራሳቸው ቀለም ይቀባቸዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀለሙ ካንሰሩን ከነካ፣ ጠርዙ አልጠራም ማለት ነው። ካልነካ ጠርቷል። እጢው የነበረበት ጉድጓድ ዙሪያም ከሩዝ ፍሬ ያነሱ የታይታኒየም ምልክቶች ተቀመጡ። ሥጋው ከቦታው ስለሚንቀሳቀስ፣ ጨረር የሚሰጡት ሐኪሞች በኋላ የት ጋ ማነጣጠር እንዳለባቸው የሚያውቁት በእነሱ ነው።

ማታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ጮኸች። ሽንቷ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ካንሰሩ ቢሰራጭ መጀመሪያ የሚደርስባቸውን የብብቷን ንፍፊቶች ለማግኘት የተወጋችው ሰማያዊ ቀለም ነው። እንደሚሆን ነግረዋት ነበር፤ ግን ማን ያስታውሳል? ቁጭ ብለን አለቀስን። ቀኑን ሙሉ ያላለቀስነውን በሽንት ቀለም አለቀስነው።

ከዚያ የውጤት መጠበቂያው ሳምንት መጣ። ይህን ሳምንት ልጽፈው ሞክሬ ተውኩት። ኖራችሁበት ከሆነ ታውቁታላችሁ። በተለይ በእንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ጠርዙ ካልጠራ ነገሩ ይከብዳል፤ ሥጋው ስለተቀያየረ ተመልሶ ያቺኑ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዳንዴ ሙሉ ጡቱ መውጣት ይኖርበታል። ይህን አስቀድመው ነግረዋት ፈርማበታለች። ጠርዙ ጠራ። የብብቷም ንፍፊቶች ንጹህ ሆኑ።

ሁሉም ያለ ችግር አለፈ አልልም። መስመሮቹ ከሥር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቁስሉ ተከፍቶ በየቀኑ ፋሻ ስንቀይር ሰነበትን። የግራ ጡቷ ጫፍ ስሜት የለውም። ከወራት በኋላም ጠንካራ ነገር በእጇ አግኝታ ምድር ተገለባበጠባት። የደረቀ ስብ ነበር፤ በእንዲህ ዓይነት ጥገና የሚያጋጥም ነው። ግን ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ የነበረችው እህቴ አልነበረችም። ለአንዳንዷ ሴት ደግሞ ይህ መንገድ አይሆንም። ጡቱ ሁሉ የቀላና ያበጠ እብጠታማው የካንሰር ዓይነት ሲሆን፣ የስኳር በሽታና ሲጋራ የቁስል መዳንን ሲያስቸግሩ፣ ሲሊኮን ላይ ጨረር ሲመጣ፣ ሐኪም ቆይ ሊል ይችላል። ጥገና ጨርሶ የማትፈልግ ሴትም አለች። ደረቷ ለጥ ብሎ በንጽህና እንዲሰፋ ትመርጣለች። ያም ምርጫዋ ነው፤ ተጠይቃ እስከመረጠች ድረስ።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን ሊጠይቁን መጡ። ሾርባም፣ ቡናም፣ ጸሎትም ይዘው። እግዜር ይስጣቸው። ከመካከላቸው አንዷ እኔን ማድቤት ጠርታ «ነፍሷ ከተረፈ ጡት ምን ያደርግላታል? በዚህ ዕድሜዋ!» አለችኝ። ክፋት የለባትም። ግን ይህን አባባል ስንት ሴት ሰምታ አንገቷን እንደደፋች አውቃለሁ። በሥራዬም አይቼዋለሁ፤ ሐኪሙ «ስለ ጥገና ጥያቄ አለሽ?» ሲላት፣ ልትጠይቅ ከንፈሯን ከፍታ፣ ከጎኗ የተቀመጠውን ባሏን አይታ «የለኝም» የምትል ሴት። እኔ የምተረጉመው የተባለውን ነው። ያልተባለውን መተርጎም አልችልም።

እህቴ ማድቤት የተባለውን ሰምታ ኖሮ በር ላይ ቆማ መለሰች። «አምስት ሕፃን በቀን እዚህ ደረቴ ላይ ነው የሚተኛው» አለች፤ በግራ እጇ ቦታውን እያሳየች። «ጭንቅላታቸውን የት ላድርገው?» ሴትዮዋ አቀፈቻት።

በዚህ አገር ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በ1998 የወጣ ሕግ አለ። ጡት ማውጣትን የሚሸፍን አብዛኛውን ኢንሹራንስ፣ ጥገናውንም እንዲሸፍን ያስገድደዋል። ሌላኛውን ጡት ለማመሳሰል የሚደረገውን፣ ልብስ ውስጥ የሚደረገውን ሰው ሠራሽ ጡትና የክንድ እብጠት ሕክምናንም ይጨምራል። ብዙ እህቶቻችን ይህ መብታቸው እንደሆነ አያውቁም። ከፊል ብቻ ለሚወጣላት ደግሞ ኢንሹራንሷን አስቀድማ በጽሑፍ ትጠይቅ። እኛ ያደረግነው እንደዚያ ነው።

አገር ቤትስ?

እዚህ ላይ በቀላሉ መፍረድ አልወድም። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰር ሁሉ የበዛው ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት እጢው ከገፋ በኋላ ነው፤ ጠበል ተሞክሮ፣ ቅጠል ተሞክሮ፣ የመንገዱ ገንዘብ ተፈልጎ። ከዚያ በላይ ግን የጨረሩ ጉዳይ አለ። የፊሸርን ጥናት ልብ ብላችሁ እዩት። እጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር ካልወሰዱት ሴቶች መካከል በ20 ዓመት ውስጥ ከ100 ወደ 39 በሚሆኑት ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ ተመልሷል። ጨረር በወሰዱት ወደ 14 ወርዷል። ጡትን ማትረፍ የሚቻለው ጨረር ሲኖር ነው። ጥቁር አንበሳ ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላው አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር። ዛሬ ጅማን የመሳሰሉ ቦታዎች ቢጨመሩም የሕዝባችን ቁጥር ይታወቃል። ተራው እንደማይደርሳት እያወቀ «ጡትሽን ላትርፍልሽ» የሚል ሐኪም ይጎዳታል። የእትዬ ሐኪም ሁሉንም ያወጣው አርቆ አስቦ ይሆናል።

አለመናገሩ ነው የሚቆጨኝ። መንገር ማሽን አይፈልግም። «ጡትሽ ይወጣል፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይህንና ይህን ማድረግ ይቻላል» ለማለት የሚያስፈልገው ወንበርና ሩብ ሰዓት ነው። አገር ቤት የቃጠሎ ጠባሳ የሚጠግኑ፣ ከጀርባ ቆዳ አዙረው የሚሸፍኑ ጎበዝ ሐኪሞች አሉን። የካንሰር ቀዶ ሐኪሙና እነሱ አንድ ክፍል ገብተው አንዲት ሴት ፊት ቢቀመጡ እንዴት በወደድኩ! ሁሉም ባይቻል እንኳ ጠባሳው የት እንደሚያልፍ፣ ቆዳው ምን ያህል እንደሚቀር፣ በኋላ ለመጠገን እንዲመች አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል።

እህቴ ጨረሯን በ20 ቀን ጨረሰች። አሁን የምትውጠው ክኒን ብቻ ነው፣ ለ5 ዓመት። ለፋሲካ ደሴ ደወልን፣ በቪዲዮ። እትዬ 73 ዓመቷ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኩን በጣም አስጠግታ ይዛ፣ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየን። ልጆቹን ጠየቀች፣ በጉን ነገረችን። ከዚያ «ሰው አለ አጠገባችሁ?» አለች።

«የለም እትዬ፣ እኛ ብቻ ነን።»

«እስቲ አሳይኝ።»

እህቴ ስልኩን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ሸሚዟን ከፈተች። ቀዩ መስመር ደብዝዟል፤ ከጡቱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከሥር ይታጠፋል። እትዬ ስልኩን ከፊቷ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ይከብዳል?» አለች በመጨረሻ።

እህቴ ጡቷን በመዳፏ ከሥር ያዘችው።

«ይከብዳል እትዬ» አለች።